ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው መምህር

የቤተሰብ ሕክምና የሚማር ሰው የዋለበትን ለመምህሩ በኋላ ቢተርክ፣ የሚተርከው ያስተዋለውን ብቻ ነው፤ አባት ሲናገር ልጅቷ እናቷን ሰርቃ ማየቷን ራሱ ካላየ ከየት አምጥቶ ይናገራል? ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሳልቫዶር ሚኑቺንና ጄይ ሄሊ በፊላደልፊያ የልጆች ክሊኒክ ያዳበሩት ስልት የሚደነቀው ይህን ክፍተት ስለሚደፍን ነው። ሠልጣኙ ከቤተሰቡ ጋር ሲሠራ መምህሩ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆኖ ይከታተላል፤ ሲያስፈልግ ወደ ክፍሉ ስልክ ደውሎ፣ ለምሳሌ «እናትየዋ ትቆይና ልጁ ራሱ ይመልስ» ይለዋል። ስህተቱ ቤተሰቡ ሳይበተን እዚያው ይታረማል። የኮሌጅ ዲግሪ የሌላቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ጭምር በዚሁ መንገድ ሠልጥነው ለሙያው በቅተዋል።

ስልኩ ሠልጣኙን የሌላ ሰው አፍ ያደርገዋል የሚል ወቀሳ አለ፤ ሐሰት አይደለም። በየደቂቃው የሚደውል መምህር ራሱ ቢገባ ይሻለዋል። ጥሩው ግን አልፎ አልፎ ይደውላል፣ አነጋገሩንም ለሠልጣኙ ይተዋል። ቤተሰቡ መታየቱ ያሳቅቀዋል ለሚሉት፣ ፈቃድ መጠየቁ ግዴታ ነው፤ የተሻለው መልስ ግን ከኖርዌይ መጣ። በ1985 ትሮምሶ ውስጥ ቶም አንደርሰን መብራቱንና ድምፁን አገላበጠው፤ ቤተሰቡ ከመስተዋቱ ማዶ ያሉት ባለሙያዎች ስለ እሱ ሲወያዩ አየ፣ በሰማውም ላይ ሐሳቡን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ የሚሠለጥን ሰው ስለ ቤተሰቡ የሚለውን ሁሉ ባለቤቶቹ እየሰሙት መናገር መልመድ አለበት፤ ሐሜት ለለመደ አንደበት ይህ ቀላል አይደለም።