ስለ ጉበት ኢንዛይምና ስለ አንድ ቁጥር የቀረበ ትችት

ስለ መድኃኒትና ስለ ኢትዮጵያውያን ጉበት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ቁጥር ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ይኸውም ከመቶ 29 ነው። ቁጥሩ የተገኘው ዶክተር እሌኒ አክሊሉና በስዊድን አገር የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተሙት ጥናት ነው። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ይህን ያህሉ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። ጂኑ ሲበዛ ኢንዛይሙም ስለሚበዛ፥ መድኃኒቱ ቶሎ ይለወጣል ማለት ነው።

ጥናቱ የሚያስመሰግን ነው። የምነቅፈው ቁጥሩ ብቻውን እንደ ፍርድ መቆጠሩን ነው።

የአለካኩ ዘዴ ይህን ያስረዳል። ተመርማሪው 10 ሚሊግራም ደብሪሶኪን ይውጥና የ8 ሰዓት ሽንቱ ይጠራቀማል። ኢንዛይሙ በመድኃኒቱ ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ስለሚጨምር፥ የሞለኪዩሉ ክብደት ከ175 ወደ 191 ከፍ ይላል። ሁለቱ በክሮማቶግራፊ ተለይተው ይነጻጸራሉ። ያልተለወጠው ከተለወጠው ከ12.6 እጥፍ በላይ ከሆነ፥ ሰውዬው ዘገምተኛ ይባላል። እንግዲህ ጉበቱ የሠራውን ሥራ የሚመሰክረው ሽንቱ ነው፤ ጂኑ የሚናገረው ሊሠራ የሚችለውን ነው።

ልዩነቱም ተራ አይደለም። ዶክተር እሌኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሌላ ጥናት፥ በአገር ቤትና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አስተያይተዋል። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፥ በአገር ቤት ያሉት መድኃኒቱን የሚለውጡት ቀስ ብለው ሆኖ ተገኘ። ከአካባቢው፥ ምናልባትም ከምግቡ፥ የሚመጣ ነገር ኢንዛይሙን ሳይገታው አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱን ጥናቶች ነጣጥሎ ማንበብ አይገባም።

ነገሩ ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ያለው የዴዴሳ ሸለቆ የወባ አገር ነው። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይመለሳል። የተደበቀውን ለመግደል የሚሰጠው ፕሪማኪን ደግሞ በዚሁ ኢንዛይም ካልተለወጠ ሥራውን በሚገባ አይሠራም። አንድ ገበሬ ክኒኑን ጨርሶ ሳለ ወባው ቢመለስበት፥ በቁጥሩ የተማመነ ሐኪም «መድኃኒቱን አልጨረስህም» ብሎ ይወቅሰው ይሆናል። ገበሬው ግን እውነቱን ነው፤ አዲስ ትንኝ ነድፋው፥ ወይም ጉበቱ መድኃኒቱን ሳይለውጠው ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በወለጋ ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት፥ በሚኖርበት ቀዬ የለመደውን እየበላ ሽንቱ ይመርመር። ያን ጊዜ የሚገኘው ቁጥር ስለ እርሱ የሚናገር ይሆናል።