ከፊልትሮው በፊት

ከደሴ ወደ ተንታ የሚወስደው መንገድ ኩታበርን አልፎ ወደ በሽሎ ይወርዳል። የአሮጌ መኪና ጉድ የሚገለጠው ግን በመልስ ነው፣ ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጣ። አንድ የድሮ ቶዮታ ፒካፕ ያመጡልኝ ሾፌርም ያሉኝ ይህንኑ ነው፦ «ጠዋት ምንም አይለውም። ዳገቱን ጨርሼ ኩታበር ሳቆመው ግን በሚኒሞ የዘይት መብራቱ ይበራል። አብሽር፣ ፓምፑን ቀይረውና እንገላገል።»

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ልየው» አልኩ።

ልጅ ሳለሁ ቢሆን እሺ ብዬ እቀይረው ነበር። አንዴ ቀይሬ መብራቱ ሲጠፋልኝ ደስ አለኝ፤ መኪናው ወር ሳይሞላው ሞተሩ ግሪፕ አድርጎ እየተጎተተ ተመለሰ። ጥፋቱ ክራንኩ የሚዞርበት ብሮንዚና ነበር። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ባገኘው ክፍተት ያመልጣል። ክፍተቱ የፓምፑ ይሁን የብሮንዚናው፣ መብራቱ ለይቶ አይነግርህም።

የዘይቱን ኮፓ አወረድኩ። ወንፊቱ አልተደፈነም፤ የመምጠጫ ቱቦው ጎሚኒም አየር አያስገባም። የፓምፑን ክዳን ከፍቼ በጥርሶቹ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋደምኩና ፊለር ጌጅ ሰደድኩ። በብዙ የድሮ ቶዮታ ሞተሮች ወሰኑ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል። 0.10 ገባ፣ 0.15 እምቢ አለ። የግፊት መቆጣጠሪያውን ፒስተን ዘይት ቀብቼ በቀዳዳው ለቀቅኩት፤ የትም ሳይያዝ በገዛ ክብደቱ ወረደ።

ከዚያ ጥፍሬን በክዳኑ ላይ ሳብኩ። ጭረቱ ጥፍር ይይዛል። ፓምፕ ዘይት የሚጠጣው ከፊልትሮው በፊት ነው፤ በመሃል ያለው ወንፊት ብቻ ስለሆነ ሞተሩ የላጠው ደቃቅ ብረት ሁሉ በጥርሶቹ መካከል ያልፋል። ስለዚህ ፓምፕን ሳይ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው የማየው። አንዱን ብሮንዚና ፈታሁ፤ ላዩ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል።

ብሮንዚናዎቹ ተቀየሩ። አሮጌውን ፓምፕ አጥቤ፣ መጀመሪያ ሲዞር ዘይቱን ቶሎ እንዲስብ በጥርሶቹ መካከል ቫዝሊን ሞልቼ መለስኩት። ሞተሩን ሳላስነሳ በሞተሪኖ አዞርኩት። ሾፌሩ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው መብራቷን ያያሉ።

«ጠፋች» አሉ። ያኔ አስነሳሁት።