የሲኒ ማኅተም

ቴሌግራፍ ጎዳና ከኦክላንድ መሃል ተነስቶ የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያበቃል። በኦክላንድ በኩል ቁሌት የሚሸተው የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ያሉበት ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲጠጉ ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ከዓመታት በፊት ከነጋዴዎቹ አንዱ ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ጎተተና አንድ «በርክሌ ባርብ» ጋዜጣ አሳየኝ፤ እ.ኤ.አ. የ1968 እትም። ፊት ገጹ ላይ፣ ከርዕሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የቡና ሲኒ ክቡን ጥሎበታል። ነጋዴው ከልቡ አዘነ። «ይቺ ባትኖርበት ዋጋው ሌላ ነበር» አለና ግማሹን ቀነሰልኝ። እኔ ደግሞ የወደድኩት ክቧን ነበር። ይህን ግን ለሻጭ አይነግሩትም።

የምሰበስበው አሜሪካኖች በስድሳዎቹና በሰባዎቹ «አንደርግራውንድ» ይሏቸው የነበሩትን ጋዜጦች ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ስመልሰው እቸገራለሁ። «ኅቡዕ» ካልኩ ያገሬ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ሌሊት በማባዣ የታተመ፣ በነጠላ ሥር የተላለፈ፣ የተያዘበትን ሰው ነፍስ የሚያስከፍል ወረቀት። ባርብ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በዚሁ በቴሌግራፍ ጎዳና፣ ጸጉራቸውን ያሳደጉ ልጆች እየጮሁ በሳንቲም የሚሸጡት ጋዜጣ ነበር። እርግጥ አዟሪዎቹ እየተያዙ ይታሰሩ ነበር። ማተሚያ ቤቶች ፈርተው አናትምም ይሉ ነበር። ኤፍቢአይም ዓይኑን አልነቀለባቸውም። ቢሆንም የእኛን ዓይነት ኅቡዕ አልነበሩም። እኔ በቤቴ «የመንገድ ጋዜጣ» እላቸዋለሁ፤ ባለቤቴ «ያንተ ቡትቶ» ትላቸዋለች።

ታሪካቸው አጭር ነው። አርት ከንኪን በ1964 «ሎስ አንጀለስ ፍሪ ፕሬስ»ን ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት በርክሌ ላይ ቀድሞ የመሸታ ቤት ባለቤት የነበረው ማክስ ሼር ባርብን፣ ኒውዮርክ ላይ ሌሎች «ኢስት ቪሌጅ አዘር»ን፣ ዲትሮይት ላይ ደግሞ አንድ ወጣት «ፊፍዝ እስቴት»ን አወጡ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ሁሉ የራሱ ጋዜጣ ኖረው። ምክንያቱን ብዙዎች በቬትናም ጦርነትና በጸጉር ርዝመት ያስረዳሉ። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ኦፍሴት ነው። ድሮ ጋዜጣ ማተም ማለት እርሳስ ማቅለጥ፣ ፊደል የሚለቅም ባለሙያ መቅጠር ማለት ነበር። ኦፍሴት ሲመጣ ጽሑፉን በታይፕ መትተህ፣ ሥዕሉን በመቀስ ቆርጠህ፣ ወረቀት ላይ ለጥፈህ ለማተሚያ ቤቱ መስጠት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ፎቶ አንስቶ ያትመዋል። እርሳስ ፊደል ቀጥ ባለ መስመር ካልሆነ አይታዘዝም። መቀስና ሙጫ የያዘ ልጅ ግን አምዱን ቢያሻው ያጣምመዋል፣ ቢያሻው በሥዕል ዙሪያ እንደ እባብ ያስኬደዋል። ገጾቹን በአጉሊ መነጽር ስታዩ የተለጠፈው ቁራጭ ጠርዝ ጥላ ጥሎ አብሮ ታትሞ ይገኛል። አንዳንዴም የሙጫ ላይ ጸጉር አብሮ ይታተማል። የማን ጸጉር እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በ1966 እነዚህ ጋዜጦች ማኅበር መሥርተው አንዱ የሌላውን ጽሑፍና ሥዕል በነጻ እንዲያትም ተስማሙ። ለሰብሳቢ ይህ በረከትም ራስ ምታትም ነው፤ አንድ ካርቱን ኒውዮርክ ተወልዶ በወሩ አትላንታ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በየደረሰበትም ትንሽ እየደበዘዘ።

ወደ እጅ ሥራው ልመለስ። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ይሠራል፤ እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ነገር አይወጣለትም። ሊግኒን ብርሃንና አየር ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ ወረቀቱም ውስጥ ያለው አሲድ እያደር ራሱን ይበላዋል። የአባ ገሪማ ወንጌል የተጻፈበት የፍየል ቆዳ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ገጹ ይገለጣል፤ የእኔ የ1968 ጋዜጣ ጥጉን በጣት ብታጥፉት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ስለዚህ አላጥፈውም። ማይላር በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከጀርባው አሲዱን የሚያረክስ ካርቶን ደግፌ፣ አግድም አስተኝቼ፣ በአልጋዬ ሥር በሣጥን አኖረዋለሁ። ተራ ፕላስቲክ አይሆንም፤ እያደር ይላባል፣ ቀለሙንም ይስባል። ሣጥኑም ከወጥ ቤት ይራቅ። በርበሬ በሚታመስበት ቤት ይህን ማስከበር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በጥፋት ነው። መጀመሪያ ሰሞን የተቀደደ ገጽ ባየሁ ቁጥር በፕላስተር እለጥፍ ነበር፤ ያኔ ጠጋኝ መሆኔ ነው። ከዓመታት በኋላ ፕላስተሩ ተላጠና ሙጫው ብቻ ቀረ፤ ቡናማ፣ ቅባት የጠጣ፣ ከፊትና ከኋላ ጽሑፉን የሸፈነ ጠባሳ። መቀደዱ ምንም አልጎዳውም ነበር። የጎዳሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የግድ ካልሆነ አልነካም፤ የግድ ሲሆን ደግሞ የጃፓን ስስ ወረቀት በእጄ ቀድጄ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ አስይዛለሁ። ነገ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ በውኃ ብቻ ያነሳዋል።

ሁለተኛው ትምህርት በገንዘብ የከፈልኩበት ነው። «ሳን ፍራንሲስኮ ኦራክል» የሚባል ጋዜጣ ነበረ፤ ከ1966 መስከረም እስከ 1968 የካቲት 12 ጊዜ ብቻ የወጣ፣ የሃይት አሽበሪ ሠፈር ልጆች ጋዜጣ። አዘጋጁ አለን ኮኸን ገጣሚ ነበር። ጋዜጣው የታወቀው በቀለሙ ነው። የማተሚያው የቀለም ገንዳ አንድ ቀለም የሚይዝ ነው። እነሱ ግን ገንዳውን በክፍልፋይ ለያይተው በአንዱ በኩል ሮዝ፣ በሌላው ቢጫ፣ በሦስተኛው ሰማያዊ ያፈሱበታል። ማሽኑ ሲሽከረከር ቀለም አቀባዩ ሮለር ግራና ቀኝ ይወዛወዛልና ቀለሞቹ ድንበራቸው ላይ እየተቀላቀሉ ገጹ የማርያም መቀነት ይሆናል። ኅትመቱ በቀጠለ ቁጥር ድንበሩ ይሰፋል፤ ስለዚህ ማለዳ የታተመውና ቀትር ላይ የታተመው አንድ አይደለም። አንድን እትም ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ፤ በአንዱ የመልአኩ ክንፍ ብርቱካን ነው፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ ሄዷል።

ይህን ካላወቅህ ትታለላለህ። እኔ ስታለል አላወቅሁም ነበር። ቀለሙ ደማቅ፣ ጠርዙ ንጹሕ የሆነ አንድ ገጽ በመስታወት ተከልሎ አይቼ የሳምንት ደመወዜን ከፈልኩ። ቤት ገብቼ አልትራቫዮሌት መብራት ሳበራበት ወረቀቱ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ሰማያዊ አበራ። የዚያ ዘመን የጋዜጣ ወረቀት እንዲህ አያበራም፤ የሚያበራው ወረቀት ለማንጣት የሚጨመር ማንጫ ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ደግሞ የማርያም መቀነቱ በአራት ቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነበር። እውነተኛው ነጠብጣብ የለውም፤ ቀለሙ እንደ ፈሰሰ ነው። ገጹ አሁን ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲያደንቅልኝ ዝም እላለሁ።

ቤል ኤንድ ሃዌል የተባለው ኩባንያ ከእነዚህ ጋዜጦች ብዙዎቹን በማይክሮፊልም አንስቷቸዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማንበብ ይቻላል። ጽሑፉ አይጠፋም ማለት ነው። ግን ኦራክልን በጥቁርና ነጭ ፊልም ማየት ወጡን በስም መብላት ነው። የሲኒውም ክብ በፊልም ላይ ነውር እንጂ ሌላ አይመስልም።

ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች ጋር የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። እነሱ ንጹሕ ቅጂ ይፈልጋሉ። ንጹሕ ሆኖ የተረፈ ጋዜጣ ግን ብዙውን ጊዜ ያልተሸጠ ጋዜጣ ነው፤ በገመድ እንደ ታሰረ አዟሪ ሳያገኝ የአንድ ሰው ምድር ቤት ገብቶ 50 ዓመት የተኛ። ማንም አላነበበውም። እኔ የምፈልገው በኪስ የገባውን፣ አራት ላይ የታጠፈውን፣ ኅዳጉ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ነው። አንድ ባርብ አለኝ፤ በማስታወቂያው ገጽ «ክፍል ይከራያል» የሚለው በእርሳስ ተከብቧል፣ ከጎኑም የጥያቄ ምልክት አለ። ርእሰ አንቀጹ ስለ አብዮት ይፎክራል፤ አንባቢው ማደሪያ ፍለጋ ላይ ነበር። ባርብን ያበለጸገውም ይኸው የኋላ ገጽ ነው። ማስታወቂያዎቹ፣ ብዙዎቹ ልጅ አጠገብ የማይነበቡ፣ ገንዘብ አመጡ፤ ገንዘቡ ጠብ አመጣ፤ በ1969 ሠራተኞቹ ከሼር ተለይተው «በርክሌ ትራይብ» የሚል የራሳቸውን ጋዜጣ አወጡ። የሁለቱንም የዚያን ክረምት እትሞች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማንበብ የባልና ሚስት ክስ እንደ መስማት ነው።

የብላክ ፓንተር ፓርቲ ጋዜጣ «ብላክ ፓንተር» ላይ ስደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው እትም እዚሁ አካባቢ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1967 የወጣ፣ በማባዣ የተባዛ አራት ገጽ ነው፤ ዴንዝል ዳውል የተባለ ወጣት በፖሊስ ለምን ተገደለ ብሎ የሚጠይቅ። በኋላ ኤመሪ ዳግላስ ሥዕሉን ተረከበ። ገንዘብ ስለሌላቸው ከጥቁር ሌላ አንድ ቀለም ብቻ ነበራቸው፤ እሱም መስመሩን እንደ እንጨት ቅርጽ አወፍሮ በዚያችው አንድ ቀለም ገጹን ያነደዋል። የኋላ ገጹ ብዙ ጊዜ ፖስተር ነበር፤ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በእጄ ካሉት ሦስቱ የኋላ ገጽ የላቸውም። ነጋዴው «ጎደሎ» ብሎ ይጽፍበታል። እኔ ያደግሁት አዲስ ዘመን በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ማንበብም የለመድኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ አንገቴን አዙሬ፣ ከተገለበጠ ገጽ ነው። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ካረፈ ጎደሎ የሚባለው ግድግዳው የሌለበት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ያገሬ ሰው፣ በስድሳዎቹ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቤት ሊለቁ ሲሉ አስጠሩኝ። ጋራዥ ውስጥ ካርቶን አለ።

«ይሄ ቆሻሻ ነው። ሰዎች አንተ ትወስዳለህ ብለውኝ ነው።»

«ጋሼ፣ ውስጡ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ወጣትነቴ ነዋ።»

ባርብ ነበረ፣ ትራይብ ነበረ፣ ከሥር ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ያሳትመው የነበረው «ቻሌንጅ»። ከዚያ ሥር በስቴንስል የተባዙ የአማርኛ ወረቀቶች፣ ርዕስ የሌላቸው፣ ስቴፕላቸው የዛገ። ስቴንስልን በጣት ሳልነካ አውቀዋለሁ። ታይፑ በሰም የተቀባውን ወረቀት ሲበሳ ክብ ያለው ፊደል ሆዱ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ስለዚህ «ዐ»ም «ፀ»ም «ወ»ም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ገጹን ራቅ አድርገው ሲያዩት በጥይት የተመታ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ወረቀት በመጨረሻ ያየሁት በ1969 ዓ.ም. መጋቢት፣ አዲስ አበባ፣ የአሰሳው ሰሞን ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤት ለቤት መሣሪያ፣ ታይፕና ማባዣ ይፈለግ ነበር። አክስቴ የልጇን ወረቀቶች ከፍራሽ ውስጥ አውጥታ፣ «ዴሞክራሲያ» የሚባለውን ኅቡዕ ጋዜጣም፣ የሂሳብ ደብተሩንም ለማንኛውም ብላ ጨምራ፣ ምጣድ ሥር ማገደቻቸው። ጢሱ እንዳያስጠረጥር የቦካ ሊጥ አምጥታ እንጀራ ጋገረችበት። ፈታሾቹ ሲገቡ አክንባሎ እያነሳች ነበር። አንዱ ወታደር እንጀራ ለመነ፤ ሰጠችው። ያን ቀን የበላነው እንጀራ ምን ምን እንደሚል አሁንም አፌ ላይ አለ፤ ግን አልነግራችሁም፤ ስናገረው ይቀላል። ለዚህ ነው ሰው እየሳቀብኝም ለአሜሪካኖቹ ጋዜጦች የምሳሳው፤ የእኛን መሰብሰብ ስለማልችል የሰው አገር ወረቀት አሳድጋለሁ።

የጋሼን ወረቀቶች ካጸዳሁ በኋላ እሳቸውን ቤት ጠራኋቸው። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ሽማግሌው የባርቡን ርዕስ ሲያዩ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ይሄን እኮ ሸጫለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ቴሌግራፍ ላይ። ለምሳዬ ነበር» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው የማስታወቂያውን ገጽ አንድ በአንድ አነበቡ። ስለ ጦርነቱ የሚለውን ዘለሉት። አንዱ ማስታወቂያ ላይ ብቻቸውን ሳቁ፤ አልነገሩኝም። እያነበቡ ሲኒያቸውን ሳያዩ ወደ ጎን፣ ጋዜጣው ላይ፣ አሳረፉት።

እጄ ከአሳቤ ቀድሞ ሲኒውን ከፍ አደረገው።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ የት ላስቀምጠው?» አሉ።