መንትያ የሚመስሉ ሁለት ወፎችን ስለ መለየት

አደይ አበባ ረግፎ በጋው በገባ ጊዜ፣ የኤውሮጳና የሳይቤሪያ ምድር በውርጭ ሳይያዝ ባሕሩንና ምድረ በዳውን አቋርጠው ወደ ደጋችን ከሚመጡት አዕዋፍ መካከል፣ ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ የሆነ፣ ጀርባቸው ከአረንጓዴና ከቡናማ የተቀላቀለ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ከዓይናቸውም በላይ ፈዘዝ ያለ ሰረዝ ያለባቸው ሁለት ወፎች ይገኛሉ፤ ፈረንጆች አንደኛውን ቺፍቻፍ፣ ሁለተኛውን ዊሎው ዋርብለር ብለው ይጠሯቸዋል። በአዲስ አበባ ጓሮ፣ በጽዱና በቀጋው ቅርንጫፍ ላይ ትልና ትንኝ ሲለቅሙ ያየ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው ብሎ ቢምል ኃጢአት አይሆንበትም።

ከአገሬዎቹ ወፎች መለየታቸው አያስቸግርም፤ ዓይኑን ነጭ ቀለበት የከበበው ወፋችን በዚያው ቀለበቱ፣ እህል ለቃሚዎቹም በምንቃራቸው ውፍረት ወዲያው ይታወቃሉና። ጭንቁ ሁለቱን እርስ በርሳቸው መለየት ነው።

ይህን ሙያ የጀመረ ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለምን ነው፤ ቀለም ግን በዚህ ነገር ሐሰተኛ ምስክር ነው። የማለዳ ፀሐይ ግራጫውን ወርቅ ታስመስለዋለች፣ የባሕር ዛፍ ጥላም ቢጫውን ያደበዝዘዋል፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ዊሎው ዋርብለር ከብዙዎቹ አዕዋፍ ልማድ ወጥቶ በዓመት ሁለት ጊዜ ላባውን በሙሉ የሚለውጥ፣ አንዱንም ለውጥ በዚሁ በአፍሪካ ሳለ የሚፈጽም በመሆኑ፣ በኅዳር ያረጀ ላባ ለብሶ የታየው በመጋቢት ሌላ ፍጥረት መስሎ ይገኛል። እግሩ የጠቆረው ቺፍቻፍ፣ የነጣው ዊሎው ዋርብለር ነው የሚለውም ደንብ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ እግረ ጥቁር ዊሎው ዋርብለር ስለማይጠፋ በዚህ ብቻ መፍረድ የችኩል ዳኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የምመረምረው አኳኋኑን ነው። ቺፍቻፍ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲዘል ጅራቱን ሳያቋርጥ ወደ ታች ዝቅ ዝቅ ያደርጋል፤ ባልንጀራው ግን ይህን እምብዛም አያዘወትረውም። ቀጥሎ ክንፉ በታጠፈ ጊዜ ጫፉን እመለከታለሁ፤ ከሌሎቹ ላባዎች አልፎ የሚወጣው ጫፍ በዊሎው ዋርብለር ረዘም፣ በቺፍቻፍ አጠር ይላል። ምክንያቱም የመንገዳቸው ርቀት ነው፤ ቺፍቻፍ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በሳህልና በእኛ ደጋ ሲከርም፣ ከዊሎው ዋርብለር ወገን ግን ብዙው ምድር ሰቅን ተሻግሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳልና። የመንገደኛውን ጎዳና በክንፉ ላይ ማንበብ ከዚህ ሙያ ደስታዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ግን ድምፅ ነው። ቺፍቻፍ ሲጣራ ባንድ ትንፋሽ «ህዊት» ይላል፤ ዊሎው ዋርብለር ያንኑ ለሁለት ከፍሎ «ሁ፣ ኢት» ይላል። በዜማቸውማ ጊዜ ሕፃን እንኳ አይስታቸውም፤ ቺፍቻፍ ሁለት ድምፅ ብቻ እየመላለሰ ሲያነበንብ፣ ዊሎው ዋርብለር ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወረደ ያዜማል። በእንግሊዝ አገር የሴልቦርኑ ቄስ ጊልበርት ኋይት፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1768 ዓ.ም.፣ እነዚህን ሁለቱንና ሦስተኛ ዘመዳቸውን ለይቻለሁ ብሎ በደብዳቤ ሲያስታውቅ ዋና ምስክሩ ያደረገው ዜማቸውን ነበር፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሦስት አዕዋፍ ተማረ ብለው አበው ለሚተርኩለት ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

ወፉ ዝም ካለ፣ ክንፉም በቅጠል ከተሸፈነ፣ በመዝገቤ ላይ «ከሁለቱ አንዱ» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ፤ በግምት የተጻፈ አንድ ስም በእውነት የተጻፉትን ሁሉ ያስጠረጥራልና። አንባቢ ሆይ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ባይኖርህም በየካቲትና በመጋቢት ማለዳ ወደ ጓሮህ ወጥተህ አድምጥ፤ ወደ ሰሜን ከመነሣታቸው አስቀድመው በዚያ ወራት ማዜም ይጀምራሉ፤ ግንቦት ከተጋመሰ በኋላ ግን ሁለቱም በአገራችን አይገኙም።