ቃል አልባው ሽለላ፦ ያልጣመንን ሙዚቃ ደጋግሞ መስማት ምን ይፈይዳል?

አንድን ሙዚቃ ሰምተን «አልጣመኝም» ስንል ስለ ሙዚቃው ተናገርን ወይስ ስለ ራሳችን? ጥያቄው ለሙዚቃ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይመስለኝም። የግጥም፣ የልብ ወለድም ሆነ የተውኔት ተደራሲ ይህንኑ ፍርድ በየዕለቱ ይሰጣል። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ደግሞ ይህንኑ ቃል በክፍል ውስጥም፣ በፈተና ወረቀት ላይም እናገኘዋለን። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ያልወደዱትን ሙዚቃ ለመውደድ መድከም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለመመርመር እሞክራለሁ። የምመረምረውም በአንድ ምሳሌ ዙሪያ ነው፤ ይኸውም የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከቃሉ ነጥሎ ያቀረበበት ሥራ ነው።

ከምሳሌው በፊት ግን «አለመውደድ» የምንለውን ነገር ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አለመውደድ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከእንግድነት የሚመጣ ነው። ጆሮ ያልለመደውን ድምፅ የት እንደሚያስቀምጠው ሲቸግረው ይገፋዋል። ሁለተኛው ከማኅበረሰቡ የምንወርሰው ነው። ድምፁን ከመስማታችን በፊት ስለ ድምፁ ባለቤት የተነገረንን ሰምተናል። ሦስተኛው ከፍርድ የሚመጣ ነው። ሥራው ምን ሊያደርግ እንደተነሣ ከተረዳን በኋላ «አልሆነለትም» ወይም «ሆኖለታል፤ ለእኔ ግን አይበጅም» የምንልበት ነው። ሦስቱም «አልጣመኝም» በሚለው በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሂስ ሊባል የሚገባው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። መከራከሪያዬም ይኸው ነው፦ ያልጣመንን ሙዚቃ ደጋግሞ መስማት የሚጠቅመው የግድ ለመውደድ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ነው። መውደዱ ከመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ከማኅበረሰቡ የሚወረሰውን አለመውደድ ለማሳየት በገናና ክራር በቂ ማስረጃ ናቸው። ሁለቱ መሣሪያዎች በአሠራራቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከድምፅ ሳጥናቸው በተነሡ ሁለት ቋሚዎችና በአንድ አግዳሚ ላይ የተወጠሩ አውታሮች አሏቸው። የበገና አውታር 10 ሲሆን የክራር አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ነው። ሆኖም በልማድ በገና የዳዊት መሣሪያ፣ የጸሎትና የጾም ጓደኛ እየተባለ ሲከበር፣ ክራር የመሸታ ቤት ዕቃ፣ አልፎ ተርፎም የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። «አዝማሪ» የሚለው የሙያ ስምም ለስድብ ውሏል። ይህ ፍርድ ከጆሮ የመነጨ አይደለም። ነገሩ ለጆሮ ብቻ ቢተው ኖሮ ለጀማሪ አድማጭ ይበልጥ እንግዳ የሚሆነው በገና ነበር፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እያንዳንዱ ድምፅ እየነዘረ ይወጣልና። ያም ሆኖ «በገና ይነዝራል፣ ስለዚህ አይጥመኝም» የሚል ምእመን ብዙ አይገኝም። ክብሩ ጆሮውን አስቀድሞ አለማምዶታል። ንቀት ጆሮን መድፈን እንደሚችል ሁሉ ክብርም ሊከፍተው ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ ልለፍ። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት ተወልዶ በ2016 ያረፈ ሙዚቀኛ ነው። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) እና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን ሽለላን በሳክስፎን መጫወቱ ነው። ሽለላ በሥነ ቃል ትምህርታችን ከፉከራና ከቀረርቶ ጎን የምናጠናው የጀግንነት ቃል ግጥም ነው። ስናጠናው በወረቀት ላይ የምናሰፍረው ቃሉን ነው፤ ቤት አመታቱን፣ የስንኙን አወራረድ፣ ዘይቤውን እንተነትናለን። ጌታቸው በአንፃሩ ቃሉን አውጥቶ የቀረውን ወሰደ። የቀረውስ ምንድን ነው? ትንፋሹ፣ የድምፁ መንቀጥቀጥ፣ ወደ ላይ ተወርውሮ በድንገት መቆረጡ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ እንደገና መነሣቱ። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው ሸክላው ባንዱ ከኋላ ረግቶ ሲጓዝ ሳክስፎኑ በምቱ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። እንግዲህ እኛ ቃሉን ይዘን ድምፁን እንተዋለን፤ እሱ ድምፁን ይዞ ቃሉን ተወ። የሽለላን ሌላ ግማሽ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ሰነድ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ሥራ በሥነ ቃል ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ አሰማቸዋለሁ። ስለ ተጫዋቹም ሆነ ስለ ርእሱ አስቀድሜ አልነግራቸውም። የሚሰጡት አስተያየት ከዓመት ዓመት ይመሳሰላል። «ጩኸት ነው» የሚል ይኖራል። «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ከሁለቱ ይህ የኋለኛው ይበልጥ ያመራምረኛል። ተማሪው የሚሰማው መግቢያውን መስሎት ዘፋኙ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ዘፈንን የሚመዝነው በአብዛኛው በግጥሙ ነውና ቃል እስኪመጣ ድረስ ነገሩ አልተጀመረም።

ነገር ግን ቃል አልባ ዜማ ለባህላችን ባዳ ነውን? አይደለም። ዋሽንት ቃል የለውም። በዋሽንት የሚጫወተውን ዘፈን የሚያውቅ አድማጭ ግን ግጥሙን ከልቡ እያወጣ ይሞላዋል። በቤተ ክርስቲያን ዜማም አንዲት ፊደል እጅግ ተስባ ተስባ፣ ቃሉ ለጊዜው ከጆሮ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ንባቡን የሚያውቅ አይጠፋበትም። የጌታቸውም ሽለላ እንዲሁ ነው። ሽለላ ሲባል የሰማ ሰው ሳክስፎኑ ያስቀረውን ቃል ራሱ ያስገባል። ስለዚህ ተማሪው «ጩኸት ነው» ሲል የጎደለው ጆሮ ሳይሆን ትዝታ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ስለሚሰማ ነው። እኔ ግን ሌላም ትርጉም አገኝበታለሁ፦ ጆሯችን ምን እንደሚጠብቅ የምናውቀው የሚጠብቀውን ነገር የሚከለክለው ድምፅ ሲመጣ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አለመውደድ ያለማወቅ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ መውደድም ሊሆን ይችላል። የጌታቸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ 14ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። በ2006 ደግሞ ከፓንክ ሙዚቃ ከተነሣው «ዘ ኤክስ» ከተባለ የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አሳተመ። የአውሮፓው አድማጭ በድምፁ ሻካራነትና ከምት ነፃ በመሆኑ ፍሪ ጃዝ የሚባለውን አስታውሶ ወደደው። ሽለላን ግን ከነጭራሹ ላያውቅ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ድምፅ ፊት ሦስት ጆሮዎች ቆመዋል፦ ሽለላ የሚሰማ አዛውንት፣ ፍሪ ጃዝ የሚሰማ የሩቅ አገር ሰው፣ ጩኸት የሚሰማ ተማሪ። ተማሪው «ፈረንጅ አደነቀው» የሚለውን ሰምቶ በማግስቱ ቢያጨበጭብ ወደ ሥራው አንድ እርምጃ አልቀረበም። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ከገባ በኋላ በድንገት አፍቃሪ የሆነ ሰው ሁሉ ዜማውን ሰምቶታል ለማለት ይከብደኛል። የተውሶ አድናቆት ከውርስ ንቀት አይሻልም።

«ዕድሜ አጭር ነው፤ የሚጥመኝን እየሰማሁ ብኖር ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ለመዝናኛ ከሆነ ምንም የለበትም። ማንም ሰው ደክሞት ከሥራ ገብቶ ያልጣመውን እንዲሰማ አይገደድም፤ ፍቅርም በግድ አይሆንም። እንዲያውም መደጋገም ብቻውን አደገኛ ነው። ታክሲው፣ ሬዲዮውና ሙዚቃ ቤቱ በቀን ሃያ ጊዜ የሚያሰሙን ዘፈን ሳንወድ በግድ ከአፋችን ይገባል፤ ይህ ልማድ እንጂ ማወቅ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ከመደጋገሙ ጋር ጥያቄ መኖሩ ላይ ነው፦ ይህ ድምፅ የማን ነው? ለምን ጊዜ ተሠራ? የሚወዱት ሰዎች ምኑን ይወዱታል? የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጥሎ ለተመለሰ ተማሪ «እንደገና አንብበው» ማለት ብቻውን አይጠቅመውም፤ ምን እየጠበቀ እንደነበር መጠየቅ ይጠቅመዋል።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከአራት ሳምንት በኋላም የጌታቸውን ሽለላ አልወደደችውም። በዚያ የትምህርት ዘመን ካነበብኳቸው ወረቀቶች የተሻለው ግን የእሷ ነበር። መከራከሪያዋ እንዲህ ነው፦ ሽለላ ባላንጣና ተቀባይ ይፈልጋል፤ አንዱ ይፈራል፣ ሌላው ይመልሳል። በሸክላው ላይ ሁለቱም የሉም። ባንዱ ሥርዓቱን ጠብቆ ስለሚከተለው ሸላዩ ማንንም አያስፈራም፤ ድምፁ ከአውዱ ተነቅሎ ጌጥ ሆኗል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሳክስፎኑ ወደ ላይ ወርውሮ በወፍራም ድምፅ ወደ ታች ሲመለስ ጠሪውም ተቀባዩም ራሱ ሆኖ ይሰማኛል። ግን ልብ በሉ፤ አሁን የምንከራከረው ስለ ሽለላ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ጩኸት ነው» ላለው ተማሪ የምመልስለት መከራከሪያ አልነበረኝም፤ ለእሷ አለኝ። አለመውደዷ ከስሜት ተነሥቶ ሂስ ሆኗል።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ውጭም ክብደት አለው። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በፉሪ ነው። ፉሪ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱት ምድር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ደርሶበት ከየአገሩ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይኖርበታል። በአንድ የሰርግ ድንኳን ውስጥም የሁሉም ዘፈን በየተራ ይሰማል። አንዳንዴ አንድ አዛውንት ይነሡና ጌራርሳ ያወጣሉ። ጌራርሳ ሰው ጀብዱውንና የሕይወቱን ውጣ ውረድ ብቻውን ቆሞ የሚያወራበት፣ ሌላው የሚያዳምጥበትና የሚያጅብበት የኦሮሞ ቃል ግጥም ነው። በዚህ ጊዜ ቋንቋውን ከማያውቁት እንግዶች መካከል ጨዋታ የሚጀምር አለ፤ «እስኪያልቅ» ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣም አለ። እኔም የአፋን ኦሮሞ ችሎታዬ ከሰላምታና ከገበያ ብዙ አያልፍም። ሆኖም ቃል አልባውን ሽለላ ስሰማ የቆየሁ በመሆኔ የትንፋሹን መርዘም፣ የስንኙን ድንገተኛ መቆረጥና የዝምታውን ቦታ እከታተላለሁ። እዚያ ድረስ ጆሮ ያደርሳል። ፉከራ ይሁን እንጉርጉሮ ግን ከድምፁ ብቻ መለየት አልተቻለኝምና አጠገቤ የተቀመጡትን ጎረቤቴን «አባባ፣ ድሉን ነው የሚያወሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የለም፣ ልጄ፤ የምን ድል! በሬው ስለሞተበት ዘመን ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ የድካሙን ጥቅምም ወሰንም ያሳያል። ጆሮ ታግሶ እንዲቀመጥ ማስለመድ ይቻላል፤ ቀሪውን የሚነግር ሰው መጠየቅ ግን ግድ ነው። ከድንኳኑ የወጣው እንግዳ ያልወደደው ዜማ ነው ብሎ ያስባል፤ የተወው ግን የአንድ ሰው የችግር ታሪክ ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር «ዘፈናቸው አይጥመኝም» የሚለው ቃል ሳይታወቅ ከዘፈኑ ወደ ባለቤቶቹ ይሸጋገራል፤ «አይጥሙኝም» ለማለት የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የምሰጠው መልስ የተከፈለ ነው። ያልወደዱትን ሙዚቃ ለመውደድ መድከም አያስፈልግም፤ ለምን እንዳልወደዱት እስኪያውቁ መስማት ግን ያስፈልጋል። ልኩን ለሚጠይቀኝ ተማሪ ሦስት ጊዜ እለዋለሁ፦ አንዴ ብቻህን፣ አንዴ የዘውጉን ሥርዓት አጥንተህ፣ አንዴ ከሚወደው ሰው ጋር ተቀምጠህ። ከሦስተኛው በኋላ «አልጣመኝም» ብትል ምክንያትህን ጻፍና አምጣ፤ አብረን እንከራከርበታለን።