በስሌት የተተረከ ታሪክ

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ኢትዮጵያ ስትነሳ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በጌጡ ላይ ነው፤ በሐውልቱ፣ በጋሻው፣ በዘውዱ። «ሲቪላይዜሽን 6» የሚደነቀው ግን በጌጡ ሳይሆን በጨዋታው ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ክፍል ተጫዋቹ ዳግማዊ ምኒልክን ሆኖ ሲገዛ፣ በኮረብታ ላይ የቆረቆራቸው ከተሞች ከሚያፈሩት የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል የዕውቀትና የባህል ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ትረካው ያለው እዚህች ስሌት ውስጥ ነው፤ በዚህ አገር ትምህርት ያደገው በእምነት ጥላ ሥር መሆኑን፣ አንድም ገጸ ባሕርይ አፉን ሳይከፍት ይናገራል።

ይህን ለመመዘን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማሰብ ይበቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ሲያደራጁ የመጻሕፍትም የትምህርትም ቤት አደረጉት፤ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። (ቦታው ኮረብታ ሳይሆን ያኔ ውኃ የከበበው ደሴት እንደነበረ ጌሙ አላሰበበትም፤ ይቅር እንበለው።) በርግጥ ጸሎትን በነጥብ መቁጠር ለምእመን ጆሮ ይጎረብጣል፤ የብራና ፋቂው ድካምም በመቶኛ አይለካም። ነገር ግን ገድልም ቢሆን የአንድን ሰው ዕድሜ በጥቂት ቅጠል ብራና አሳጥሮ ነው የሚያቀርበው። ማሳጠር ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው ያጠረው ነገር የእምነትንና የዕውቀትን ዝምድና ጠብቋል ወይ ነው፤ እዚህ ጠብቋል። ይበልጥ የሚከብደው ቅሬታ ሌላ ነው፦ ጌሙ ፍሬውን ሁሉ ለንጉሡ ያስረክባል፤ በየደጁ እየለመነ ዜማና ቅኔ የተማረው የቆሎ ተማሪ በስሌቱ ውስጥ የለም።