«ኬንያ ቦረን»፦ አርብቶ አደሩ ሲከራከር

በኬንያ ከሶሎሎ እስከ ማርሳቢት የተዘረጋውን የቦረናዎች ኑሮ ለማያውቅ ተመልካች፣ ጄምስ ብሉና ዴቪድ ማክዱጋል እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ኬንያ ቦረን» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ትልቅ ስጦታ ነው። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922ቱ «ናኑክ» ፊልሙ ጠመንጃ የለመዱትን ኢኑይቶች በጦር ሲያድኑ አሳየ፤ ተመልካችም ያለፈውን ዘመን እንደ ዛሬ አይቶ ተደነቀ። እዚህ ግን አርብቶ አደሩ በገዛ ቋንቋው ይነጋገራል፤ ልጅ ከብት ይጠብቅ ወይስ ትምህርት ቤት ይግባ የሚለው ጭንቀት ከራሱ አንደበት ይሰማል።

ካሜራ ፊት የተወራ ሁሉ ትወና ነው የሚል ይኖራል። ካሜራው ወሬውን ሳይቀሰቅሰው አልቀረም፤ ጭንቀቱን ግን አልፈጠረውም። ከብቱም ትምህርት ቤቱም በዚያው አገር ነበሩ። ተመልካቹን ከመደነቅ አሳልፎ ከአባት ወይም ከልጅ ጎን የሚያቆመውም ይኸው ጭንቀት ነው፤ በእኔ ሚዛን የፊልሙ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው።